የ45 ቀን ክትባት ከወሰደች በኋላ ልጄ ተዝለፈለፈች፤ ሁለተኛውን ላስወጋት?

የሶስና እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ፤ ከተኛሁ ብዙ ቀን ሆኖኛል።

ልጄን በ45 ቀኗ ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት 4 ሰዓት። በአፏ ጠብታ ሰጧት፣ ሁለቱንም ጭኗን ወጓት። አለቀሰች፣ ጡት ሰጠኋት፣ ዝም አለች። ቤት ገባን።

8 ሰዓት ገደማ አልጋ ላይ አስተኝቻት ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ዞር ስል ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አታየኝም። ሳነሳት እጇ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ፊቷ ነጥቷል፣ ከንፈሯ ዙሪያ ሰማያዊ ነገር ሆኗል። ስሟን ጠራሁ፣ የእግሯን መዳፍ ቆነጠጥኩ፤ ምንም የለም። ለባለቤቴ ደወልኩ፤ ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ጎረቤቴ መጥታ ውሃ ረጨችባት። ከዚያ ቀስ እያለ ቀለሟ ተመለሰ፣ ቃተተች፣ አለቀሰች። ማልቀሷን ስሰማ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጡት እየጠባች ነበር። የነበረችው ባለሙያ ሙቀቷን ለካች፤ 38.1። "ከክትባት በኋላ ያጋጥማል፣ ፓራሲታሞል ስጫት" አለችኝ። ተዝለፍልፋ ነበር ብላት፣ "አሁን ደህና ናት እኮ" ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች። ካርዷ ላይ አንድ ፊደል አልተጻፈም።

አማቴ "ሁለተኛ መርፌ አይነካትም" ብላለች። ባለቤቴ ዝም ብሏል፤ እሱ ዝም ካለ ፈርቷል ማለት ነው። እኔ ክትባት የምጠላ ሰው አይደለሁም። እናቴ ሁለት ልጅ በኩፍኝ የቀበረች ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጄም ሁሉንም ጨርሷል። ግን ያቺን ደቂቃ ደግሜ ማየት አልችልም። የሁለት ወር ተኩሉ ቀጠሮዋ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ይሄ የክትባቱ ነው ወይስ አጋጣሚ? የሚያጣራስ አካል አለ?

የአቤል አባት

እህቴ፣ እኔ ብሆን አልወስዳትም። የወንድሜ ልጅ በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ተወጋ። በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ነደደ፣ ሽፍ አለበት፣ ከዚያ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ሲወጋ ምንም ያልነበረው ልጅ ነው። ስንጠይቅ "ከክትባቱ ጋር አይገናኝም" ብለው መለሱን። ተወግቶ ታመመ፤ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን ማንም ሰው አያምናቸውም።

ጡረተኛዋ ሲስተር

የሶስና እናት፣ እንኳን ልጅሽ ደህና ሆነችልሽ። እኔ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ክትባት ክፍል ነው ያሳለፍኩት። ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ያናደደኝን ልናገር። "ያጋጥማል" ብሎ ማለፍ ጥፋት ነው። ባለሙያዋ ክፉ ላትሆን ትችላለች፤ በዚያ ቀን ስልሳ እናት ተሰልፎባት ይሆናል። ቢሆንም ያ ነገር መጻፍ ነበረበት። ባለመጻፉ አንቺም በጥርጣሬ ቀረሽ፣ አገሪቱም ልጅሽ ላይ የሆነውን ሳታውቅ ቀረች።

የነገርሽን ነገር ለሕክምናው አዲስ አይደለም። ሦስት ምልክት አለው። ሰውነት ይዝለፈለፋል፣ ልጁ ለጥሪም ለቁንጥጫም መልስ አይሰጥም፣ ፊቱ ይገረጣል ወይ ይጠቁራል። ማንም ሳይጠይቅሽ ሦስቱንም ጽፈሻል። ሰዓቱም ይገጥማል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መርፌው ከተሰጠ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ቢዘገይ እስከ 48 ሰዓት። የሚበዛውም በመጀመሪያው ዙር ነው። ደቂቃዎች ይቆይና በራሱ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው ፔንታ የሚባለው መርፌ ነው፤ በተለይ ውስጡ ያለው የትክትክ ክትባት። ፔንታ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጥ ነው፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታን ሄፓታይተስ ቢንና ሂብ የሚባለውን የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ ይከላከላል። የትክትኩ ክፍል ከሙሉው የተገደለ ባክቴሪያ ስለሚሠራ ትኩሳትና እብጠት ያበዛል።

ስለዚህ እንደ እኔ ግምት የክትባቱ ይመስላል። ይህን ስልሽ ላስፈራሽ አይደለም። ግን ግምት ነው። ልጅሽን አላየኋትም። ትን ብሏት ሊሆን ይችላል፣ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ችግር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለይቶ የሚያወጣ ሐኪም ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስልክሽን አውጪ። ለባለቤትሽ የደወልሽበት ሰዓት እዚያ ላይ አለ። "ነቃች" ብለሽ መልሰሽ ደውለሽለት ከሆነ እሱም አለ። በሁለቱ መሐል ያለውን ደቂቃ ቁጠሪና ወረቀት ላይ ጻፊው። ከዚያ ቀጥለሽ ጻፊ። ከመተኛቷ በፊት መቼ ጠባች? ስትዝለፈለፍ የሚርገበገብ እጅ ወይም እግር ነበር? ዓይኗ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር? ከዚያ ቀን በፊት ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ነበራት? በወሊድ ጊዜ ችግር ነበር? ከሳምንት በኋላ እነዚህ ይረሳሉ፤ ፍርዱ ግን በእነሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ በገጠመኝ ልንገራችሁ። በአንድ የኩፍኝ ዘመቻ ላይ እኔ ከምሠራበት ጤና ጣቢያ ሥር ባለ ቀበሌ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ በተከተበ በሁለተኛው ቀን ሞተ። በማግስቱ ጠዋት ጤና ኬላው በር ላይ ሰው ሞልቷል። ኤክስቴንሽኗ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀው ልጁ የተከተበበትን ቀን ብልቃጦች ነው። አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ይዞ አያቸው። ብልቃጡ ላይ ትንሽ ክብ አለች፣ መሐሏ ላይ ካሬ። ካሬዋ ከክቧ ነጣ ያለች ከሆነ መድኃኒቱ ሙቀት አላበላሸውም ማለት ነው። ነጭ ነበረች። የክትባቱ ዱቄት የሚበጠበጥበት ማሟሟያ ከዚያው ፋብሪካ መሆኑን፣ የተበጠበጠበትን ሰዓት፣ መርፌው ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ መሆኑን አጣራ። ኩፍኝ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ካለፈ ይደፋል። ከዚያ መዝገቡን ይዘን ከዚያው ብልቃጥ የተወጉትን ዘጠኝ ልጆች ቤት ለቤት ዞርን። ስምንቱ ይጫወታሉ። አንዷ እጇን ትንሽ አሟታል።

ማታ ላይ የሟቹ እናት ጋ ተቀመጥን። ከክትባቱ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ተቅማጥ ነበረው። በዚያ ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ሲቆነጥጡት ቆዳው ቶሎ አይመለስም ነበር። ይህን ሁሉ እናትየው ነግራን ስታበቃ "ማንም አልጠየቀኝም" አለች።

ክትባቱ አልገደለውም። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት የሚያመጣው ከሳምንት በኋላ ነው እንጂ በማግስቱ አይደለም። ልጁን የገደለው ፈሳሽ ማጣት ነው። እኛ ግን ንጹሕ ነን ማለት አልችልም። በእጃችን ገብቶ ነበር። አጣሪው ቡድን ሁለቱንም ጻፈ፤ ምክንያቱ አጋጣሚ መሆኑንም፣ ልጁ ሳይመረመር መወጋቱንም። ለቀበሌው ሕዝብም ሁለቱንም ነገረው። እኔ ያኔ ሁለተኛው ለምን ይነገራል ብዬ ተከራክሬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሰው ተመልሶ ልጁን ያመጣው ጥፋታችንን ስላልደበቅን ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) መርፌ የተሰጣቸው ሦስት ሕፃናት ክንዳቸው ላይ መግል ያዘ። ሦስቱም ከአንድ ጤና ኬላ፣ ከአንድ ቀን። ቢሲጂ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ቁስል ማውጣቱ ጤነኛ ነገር ነው፤ ይደርቅና ጠባሳ ይተዋል። (ቅቤም ቡናም አትቀቡት፣ አደራ።) ያኛው ግን ከዚያ የተለየ ነበር። ስንጠይቅ አዲስ የመጣች ልጅ ቆዳው ውስጥ ብቻ መግባት ያለበትን መርፌ ወደ ታች አሳልፋ እየወጋች ነው። ሦስቱ ባይመዘገቡ ስንቱን ትወጋ ነበር?

የአሰጣጥ ስሕተት ከዚህም ይከፋል። ሳሞአ በምትባል የደሴቶች አገር እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሕፃናት በአንድ ቀን ሞቱ። ነርሶቹ የኩፍኝ ክትባቱን ዱቄት በማሟሟያው ፋንታ ጊዜው ባለፈ የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር የበጠበጡት። ክትባቱ ራሱ ምንም አልነበረበትም። ግን ሕዝቡ ፈርቶ ልጁን ማስከተብ ተወ፣ በዓመቱ ኩፍኝ ገባና 83 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ሕፃናት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ካርዷን ይዘሽ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሽ። "ከክትባት በኋላ የተከሰተ ችግር ነው፣ ቅጽ ይሞላልኝ" በይ። ቅጹ አለ። የብልቃጡ ባች ቁጥር መዝገብ ላይ ስላለ ያገኙታል። እምቢ ካሉሽ የኃላፊውን ቢሮ አንኳኪ። እሱም ካልሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 8482 አለ፤ ደውለሽ ንገሪያቸው። የክትባቱ መሆኑን ማረጋገጥ ያንቺ ሥራ አይደለም። መጠርጠር በቂ ነው።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ ቀጠሮው ሳይደርስ የሕፃናት ሐኪም ይያት። እንዲህ ያለ መዝለፍለፍ ብቻውን ክትባት የሚያስቆም አይደለም፤ ተመልሶ የሚመጣውም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። የሚያስቆመው ሌላ ነው። መርፌው ገና ከመውጣቱ ትንፋሹ ያጠረ፣ ፊቱ ያበጠ፣ ራሱን የሳተ ልጅ ያንን ክትባት አይደግምም። ይህ ከሚሊዮን መርፌ አንድ ገደማ ላይ የሚደርስ ነው፤ "ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ" የምንላችሁም ለእሱ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የአንጎል ሕመም የያዘውም የትክትኩን አይደግምም። ደግሞ ለወደፊቱ ውሃ አይረጭም። በጎኗ አስተኝተሽ ትንፋሿን እያየሽ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው።

የአቤል አባት፣ አንተን አልረሳሁም። የወንድምህ ልጅ ነገር የክትባቱ ሊሆን ይችላል። አሥረኛው ቀን፣ ትኩሳት፣ ሽፍታ፤ የኩፍኝ ክትባት የሚሠራበት ጊዜ ያ ነው። ትኩሳቱ ከፍ ሲል አንዳንድ ልጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከሦስት ሺህ አንድ ገደማ። ጉዳት ትቶ አይሄድም። "አይገናኝም" ያሉህ ሰዎች ሳያጣሩ ነው የመለሱልህ። ልክ አልሠሩም።

ፋርማሲስቱ፣ ሚኒሶታ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። እኔ ከእርስዎ በኋላ ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ግን ለየአቤል አባት ጥያቄ ማለትም "ተወግቶ ታመመ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል" ለሚለው አንድ ሁለት ነገር ልበል።

እዚህ አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቬርስ የሚባል መመዝገቢያ አለ። ሐኪምም ይሁን እናት፣ ማንም ሪፖርት ማድረግ ይችላል። እዚያ የሚገባ ነገር ሁሉ ግን ክትባቱ ያመጣው ነው ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ነው የሚሰበሰበው። እና ጥርጣሬው ዋጋ አለው። በ1998 የመጀመሪያው የሮታ ክትባት፣ ማለትም ተቅማጥ የሚያመጣውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው፣ ወጣ። በዓመቱ አንጀታቸው ወደ ራሱ ውስጥ የገባባቸው ሕፃናት ሪፖርት መምጣት ጀመረ። ለማስቆም የበቃው 15 ሪፖርት ነው። ተጠንቶ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ከገበያም ወጣ። አሁን ሶስና በአፏ የወሰደችው ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተሠሩት የሮታ ክትባቶች ሁለቱ ከመፈቀዳቸው በፊት ይህንኑ ችግር ለማየት በስልሳ ሺህና በሰባ ሺህ ሕፃናት ላይ ተሞክረዋል።

ስለ መዝለፍለፉ ደግሞ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የትክትክ ክትባት ያለባቸውን ከ15 ሺህ በላይ መርፌዎች ተከታትለው ነበር። ዘጠኝ ልጆች ልክ እንደ ሶስና ተዝለፈለፉ። ዘጠኝ ሌሎች ተንቀጠቀጡ። ጉዳት የቀረበት ልጅ ግን አልነበረም።

በተቃራኒው የሄደም አለ። በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የትክትክ ክትባት የልጆችን አንጎል ይጎዳል ተባለ። ወላጅ ሸሸ፣ ትክትክ ተመልሶ መጣ፣ ልጆች ሞቱ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ አውስትራሊያ ያሉ ተመራማሪዎች በክትባት አንጎላቸው ተጎዳ የተባሉ 14 ሰዎችን ዘረ መል መረመሩ። 11ዱ ላይ ከባድ የሚጥል በሽታ የሚያመጣ የዘረ መል ለውጥ አገኙ። የክትባቱ ትኩሳት የመጀመሪያውን መንቀጥቀጥ ቀስቅሶት ሊሆን ይችላል። በሽታው ግን ከፅንስ ጀምሮ አብሯቸው ነበር። እነዚያ ቤተሰቦች ለስንት ዓመት "እኔ ነኝ ያስወጋሁት" እያሉ ራሳቸውን ሲኮንኑ ኖሩ። ለእኔ ይህ ታሪክ ከሁሉም ይከብደኛል።

የሶስና እናት፣ አንድ ነገር ብቻ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ከመርፌው በፊት ለመከላከል ብለሽ ፓራሲታሞል አትስጫት፤ ትኩሳት ከመጣ በኪሎዋ ልክ ይታዘዝላታል።

የሶስና እናት

ሲስተር፣ ስልኬን አየሁ። ለባለቤቴ የደወልኩት 8፡07 ነው። "አለቀሰች" ብዬ መልሼ የደወልኩት 8፡16 ነው። ዘጠኝ ደቂቃ። እኔ ግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር።

እንዳሉኝ ሁሉንም ጽፌ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ባለሙያ አልነበረችም። ኃላፊው ወረቀቴን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ መዝገቡን አውጥቶ ቅጹን እዚያው ፊት ለፊቴ ሞላ፤ ባች ቁጥሩን፣ የየትኛው ጭን እንደሆነ፣ ሰዓቱን። በዚያ ቀን የተወጉትን ልጆች እናቶች በስልክ እንደሚጠይቅም ነገረኝ። ይቅርታም ጠየቀኝ። ያልጠበቅሁት እሱን ነው።

የሕፃናት ሐኪሟ ልቧን አዳመጠች፣ ራሷን ለካች፣ ብዙ ጠየቀችኝ። "የጻፍሽው ከክትባቱ ጋር የሚሄድ ነው፤ የመጨረሻውን ቃል ግን የሚያጣሩት ይሰጣሉ" አለች። ከዚያ የሚቀጥለው እንዳይቀር ነገረችኝ።

ትናንት ተወጋች። ጠዋት 3 ሰዓት። አንድ ሰዓት እዚያው ቆየን፣ ከዚያ እዚያው አካባቢ ያለች አክስቴ ቤት ዋልን። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ወሰደ። ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ሁለታችንም ዓይናችንን ከላይዋ አላነሳንም። አማቴ ደውላ "ምን ሆነች" ስትል፣ ባለቤቴ "እየሳቀች ነው" አላት። ማታ 37.9 ደረሰች፣ ግራ ጭኗ ትንሽ ቀላ፣ ተነጫነጨች። ሌላ ምንም የለም። አሁን ደረቴ ላይ ተኝታ ነው የምጽፈው።

ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። "ከፔንታ 1 በኋላ በ4 ሰዓት፣ 9 ደቂቃ መዝለፍለፍ፣ ሪፖርት ተደርጓል።"

የአቤል አባት

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወንድሜ ልጅ ነገር ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። አሁን ቢሄዱ ማን ይሰማቸዋል? ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባትም አልወሰደም።

ጡረተኛዋ ሲስተር

ይሰማቸዋል። ካርዱ ካልጠፋ ቀኑም ቦታውም እሱ ላይ አለ። የታየበት ቦታ ወረቀት የሰጣቸው እንደሆነ እሱንም ይያዙ። ሁለተኛውንም በዚያው ሐኪሙን ይጠይቁት፤ አልረፈደም። ማን ጋ እንደሚሄዱ ግራ ከገባቸው በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

የአቤል አባት

ካርዱ አለ። የወንድሜ ሚስት ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ነገ ጠዋት እደውልላታለሁ።